በር መቆለፍና ካርታ መቅደድ ይለያያሉ፦ ስለ ዶሜይን ባለቤቶች አድራሻ ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ለባሕር ዳር ፔንሲዮኖች፣ ለጣና ጀልባ አስጎብኚዎችና ለአነስተኛ ንግዶች ታስቦ የተጻፈ አንድ ምክር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጥያቄው የዶሜይን (የዌብሳይት ስም) ባለቤት ስልክና ኢሜይል በስፓም ላኪዎች፣ ማለትም ያልተጠየቀ መልእክት በሚበትኑ ሰዎች፣ እጅ እንዳይገባ ምን ይደረግ የሚል ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ መረጃው በራሱ ስለሚሸፈን ብዙ አትጨነቁ፤ ለማንኛውም የውሸት ስልክና አድራሻ ሙሉ፤ ኢሜይል ሲጠየቅ በዚያው በዶሜይናችሁ የተከፈተውን ስጡ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ በራሱ ስም ቢያስመዘግበው ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን ኢሜይል በ@ ምልክት ፋንታ «አት» ብላችሁ ጻፉት፤ የኢትዮጵያን ዶሜይን ዶት ኢቲን ከወሰዳችሁ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር እውነተኛ ነው። ዶሜይን ያስመዘገበ ሰው ሳምንት ሳይሞላው «በጉግል የመጀመሪያ ገጽ እናውጣዎት» የሚል መልእክት ይጎርፍበታል። ሁይዝ የሚባለው ይፋዊ መዝገብ፣ አንድ ዶሜይን የማን እንደሆነ ማንም የሚጠይቅበት፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው የአይካን የደኅንነትና መረጋጋት አማካሪ ኮሚቴ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በዚህ መዝገብ ላይ የታየ ኢሜይል ስፓም እንደሚደርሰው በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ መሸፈን ይገባል በሚለው ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን ከማን ይሸፈን በሚለው ላይ ነው። አድራሻን ከመንገደኛ መሰወር ይቻላል፣ ይገባልም። ዶሜይኑን ከሚመዘግብላችሁ ከመዝጋቢው ድርጅት መሰወር ግን ንብረትን እንደ መጣል ነው። ወጥቶ በሩን የሚቆልፍ ሰው የቤቱን ካርታ አይቀድም። ከስድስቱ ምክሮች ሦስቱ ካርታ የሚያስቀድዱ ናቸው፤ መልስ ለመስጠት የተነሣነውም ለዚህ ነው።

ከ2018ቱ እንጀምር። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. (ሜይ 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.) ነው። አይካን በዚያው ቀን የሚጸና ጊዜያዊ ደንብ አወጣ፤ እንደ ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ባሉት ላይም የባለቤቱ ስም፣ የመንገድ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል ከአደባባይ የሚነሡበት መንገድ ተከፈተ። እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያልነገሩን ግን ደንቡ መሸፈንን ግዴታ ያደረገው ከአውሮፓ ጋር ለተያያዙ ምዝገባዎች መሆኑን፣ ለቀረው ዓለም ደግሞ ለመዝጋቢው ድርጅት ፈቃድ መተዉን ነው። አብዛኞቹ ለሁሉም ይሸፍናሉ። ሁሉም ይሸፍናሉ ማለት ግን አይደለም፤ የባሕር ዳር ነዋሪም በሕጉ ሳይሆን በድርጅቱ ምርጫ ሥር ነው የሚወድቀው።

ሁለተኛም፣ ሲሸፈን እንኳ ሁሉም አይሸፈንም። አገርና ክልል ይታያሉ። «ድርጅት» በሚለው ሣጥን የሞላችሁት ስም ብዙ ጊዜ ይታያል። ዶሜይኑ የተመዘገበበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ መዝጋቢው ድርጅትና ዶሜይኑን ወደ ዌብሳይቱ የሚመሩት ኔም ሰርቨሮች ደግሞ ምንም ሽፋን ቢኖር ይታያሉ። የማብቂያው ቀን መታየት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የሐሰት የእድሳት ማስታወቂያ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣው በዚሁ ቀን ነው። አንዱን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ ርዕሱ ላይ የዶሜይናችሁ ስም አንድ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል፤ ቀይ ሣጥን ውስጥ የማብቂያው ቀን አለ፤ ከሥሩ ከመደበኛው ዓመታዊ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሆነ ዶላር ይጠይቃል። ከታች በደቃቅ ፊደል ግን ክፍያው ለፍለጋ ሞተር ማስመዝገቢያ እንጂ ለዶሜይን እድሳት አለመሆኑ ተጽፏል። የላኩለት አድራሻ ከመዝገቡ የተገኘ ላይሆን ይችላል፤ ከዶሜይናችሁ ፊት «ኢንፎ» ብለው ገምተው ነው የሚልኩት።

የእናንተ መዝገብ ምን እንደሚያሳይ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ሉክአፕ ነጥብ አይካን ነጥብ ኦርግ (lookup.icann.org) ላይ ገብታችሁ ዶሜይናችሁን ጻፉ። ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ዶት ኮም ላሉት ዶሜይኖች የሁይዝ አገልግሎት መስጠት ግዴታ መሆኑ ቀርቶ አርዳፕ የሚባለው ሥርዓት ተተክቷል፤ ገጹም የሚያሳያችሁ ከዚያ የመጣውን ነው። ስልካችሁ ወይም ኢሜይላችሁ እዚያ ከታየ መዝጋቢው ድርጅት ጋ ገብታችሁ የግላዊነት አገልግሎቱን አብሩ። አዲስ የምትመዘግቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በዚያው ገጽ ላይ አብሩት። በማግሥቱ ማብራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አዳዲስ ዶሜይኖችን በየቀኑ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፣ የድሮ መዝገብ ቅጂ ሰብስበው የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። ከ2018 በፊት ተመዝግቦ የነበረና እስከ ዛሬ ያልተቀየረ ስልክና ኢሜይል በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት። እሱን የሚያድነው ሽፋን ሳይሆን አድራሻውን መቀየር ነው፤ አቀያየሩን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

የውሸት ስልክና አድራሻ ሙሉ የሚለው ምክር ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ነው። መዝጋቢ ድርጅቶች አዲስ ምዝገባ፣ ዝውውር ወይም የባለቤት ለውጥ ሲኖር ኢሜይሉን ወይም ስልኩን በ15 ቀን ውስጥ ማረጋገጥ አለባቸው። ማረጋገጫው ካልተመለሰ ዶሜይኑን ያግዳሉ፤ ገጹም ኢሜይሉም አብረው ይቆማሉ። ሆን ብሎ የሐሰት መረጃ መስጠት ደግሞ ምዝገባውን ለማሰረዝ በቂ ምክንያት ነው። ይህ ውሉ ላይ የተጻፈ ነው። ከዚያ የከፋው አካውንቱ የተሰረቀ ዕለት ነው። ዶሜይኑ የእኔ ነው ብላችሁ ንግድ ፈቃድ ስታቀርቡ ድርጅቱ የሚያስተያየው መዝገቡ ላይ ካለው ስም ጋር ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የሌለ ሰው ከሆነ፣ እናንተም ከሌባው እኩል እንግዳ ናችሁ። ደግሞም «የውሸት» ብላችሁ የጻፋችሁት በ058 ወይም በ0918 የሚጀምር ቁጥር የአንድ ሰው ቁጥር ነው፤ ስፓሙን ከራሳችሁ አንሥታችሁ ጎረቤት ላይ ነው የጣላችሁት።

እውነተኛ ሆኖም ቤታችሁን የማያጋልጥ መረጃ መስጠት ይቻላል። ለአድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጡ፤ ከመኖሪያ ግቢው ውስጥ ፔንሲዮን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። «ድርጅት» የሚለው ላይ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ፊደሉን ሳትቀይሩ ጻፉ። ቢታይስ? ያው ታፔላችሁ ላይ ያለው ስም ነው፤ በክርክር ጊዜ ግን የሚያድናችሁ እሱ ነው። ለስልክ ሌላ ሲም አውጡ፤ ቴሌብርና ባንክ ያለበትን ቁጥር በፍጹም አትስጡ። ሲሙን ግን አልፎ አልፎ ሙሉት፣ ተጠቀሙበትም። ዝም ብሎ የቆየ ቁጥር ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የማረጋገጫ ኮዳችሁም አብሮት ይሄዳል።

በዶሜይናችሁ የተከፈተውን ኢሜይል ለምዝገባው ስጡ የሚለው ሲያዩት ያማረ ምክር ነው። ጉዳቱ የሚታየው ዶሜይኑ ሲያበቃ ነው። መዝጋቢው ድርጅት ማብቂያው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካበቃም በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ይልካል። ዶሜይኑ አብቅቶ ዲኤንኤሱ፣ ማለትም ስሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት፣ ሲቋረጥ በእሱ ላይ ያለው ኢሜይል አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ሦስተኛው ማስታወቂያ፣ ማለትም ሁለቱን ያመለጠ ሰው ሊድንበት የሚችለው፣ የሚላከው ወደ ሞተ ሣጥን ነው። የይለፍ ቃል መቀየሪያውም ወደዚያው ይሄዳል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በመዝጋቢው ይወሰናል፤ ለዶት ኮም እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ ሊኖር ይችላል፣ ቀጥሎ ከዓመታዊው ክፍያ ብዙ እጥፍ ከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፣ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። በእኛ አካባቢ ይህ የወረቀት ላይ ሥጋት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ማንንም አያገኝም። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘት ራሱ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ አቅም ካላችሁ ለብዙ ዓመት አስመዝግቡ፤ ለዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል።

ለኢሜይሉ የምንመክረው እነሆ። ከትልልቆቹ ነጻ የኢሜይል አገልግሎቶች በአንዱ አዲስ ሣጥን ክፈቱ። ስሙ ከንግዳችሁ ስም ጋር የማይገናኝ፣ ተገምቶ የማይደረስበት ይሁን። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩለት፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትማችሁ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ሁለት ሰው ይክፈተው፤ ሁለተኛው ከከተማው ውጭ የሚኖር ቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም መስመር ሲቋረጥ የሚቋረጠው በአንድ አካባቢ ነው። ይህን አድራሻ ለመዝጋቢው ድርጅት ብቻ ስጡ፤ ለሆስቲንግ፣ ለፌስቡክ፣ ለማንም አትስጡ። እዚህ ላይ ከመሸፈን የሚበልጥ ጥቅም አለው፦ በዚህ ሣጥን የሚገባው መልእክት ከመዝጋቢው ብቻ መሆን ስላለበት፣ «ዶሜይንዎ ሊያበቃ ነው» የሚል ማስታወቂያ በ«ኢንፎ» አድራሻ ከመጣ ሳታነቡት ሐሰት መሆኑን ታውቃላችሁ። በምስጢሩ ሣጥን የማታውቁት ላኪ ከመጣ ደግሞ የት እንደፈሰሰ ፍለጋችሁ አጭር ነው። በጂሜይል ስም ላይ የመደመር ምልክት ጨምሮ መጠቀም ግን አይበቃም፤ ስፓም ላኪዎች ከመደመሩ ወዲያ ያለውን ቆርጠው ዋናውን ይወስዳሉ።

ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ በስሙ ያስመዝግበው የሚለው ላይ ብዙ ማለት አይገባም ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። ምክንያቱ ክፉ አሳብ አይደለም፦ ካርዱ ያለው እሱ ነው፣ የማስተዳደሪያ ገጹን (ፓነሉን) የሚያውቀውም እሱ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ግን ባለቤት ነው። ልጁ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ቢታመም፣ ስልክ ቢቀይር፣ የጀልባ ማኅበሩ የ10 ዓመት ስም ከእሱ ጋር ይሄዳል። በላዩ ላይ የፕሮክሲ ሽፋን ከተጨመረ ደግሞ መዝገቡ የሚያሳየው ልጁንም ሳይሆን ሸፋኙን ድርጅት ነው፤ እናንተን ከዶሜይኑ የሚያገናኝ አንድም ጽሑፍ አይኖርም። በ2007 እ.ኤ.አ. አይካን ሬጅስተርፍላይ የተባለውን መዝጋቢ ድርጅት ፈቃድ ሲሰርዝ ይበልጥ የተቸገሩት ሽፋን የነበራቸው ደንበኞች ነበሩ፤ መዝገቡ ላይ የነበረው የሸፋኙ ስም ነበርና። አካውንቱን በራሳችሁ ስም ክፈቱ፤ ባለሙያው ዲኤንኤስ ብቻ የሚያስተካክልበት ውክልና ስጡት፣ ብዙ መዝጋቢዎች ይህን ይፈቅዳሉ። ዲያስፖራ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ፤ ከፋይ መሆን ባለቤት መሆን አይደለም። ሽፋኑን ያበራችሁ ዕለትም በመዝጋቢው ገጽ ውስጥ ስማችሁ የተጻፈበትን ገጽና ደረሰኙን አትማችሁ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዌብሳይቱ ራሱ እንምጣ። @ የሚለውን ምልክት «አት» ብሎ መጻፍ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ዘዴ ነው። አድራሻ ለቃሚው ፕሮግራም በአንድ መስመር የፍለጋ ሕግ «አት»ንም፣ ቅንፍ ውስጥ የገባውንም ይይዘዋል። በምስል ማስቀመጥም ያው ነው፤ ፊደል ከምስል የሚያነብ ፕሮግራም ዛሬ በነጻ ይገኛል። የሚጎዳው እንግዳው ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ከውጭ በስልኩ የሚጽፍላችሁ ሰው አድራሻውን ነክቶ መክፈት ይፈልጋል፤ ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ የስክሪን አንባቢው ምስሉን አያነብለትም።

ይፋዊውን አድራሻ ይፋዊ አድርጉት፤ ጥበቃውን ከኋላው አቁሙ። መጀመሪያ «ካች ኦል» የሚባለውን ዝጉ፤ እሱ ክፍት ከሆነ «ሴልስ»፣ «አድሚን»፣ «ቡኪንግ» ተብሎ በግምት የተላከ ሁሉ ይገባላችኋል። ከዚያ የመልእክት ቅጽ አብጁ፤ ቅጹን ግን በደንብ ሥሩት። መልእክቱ የሚሄድበት ኢሜይል በሰርቨሩ ኮድ ውስጥ ይጻፍ እንጂ በገጹ ስውር መስክ ውስጥ አይሁን፤ የገጹን ኮድ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል፣ ቀይሮትም በእናንተ ሰርቨር ለሌላ ሰው ስፓም ይልክበታል። ለሮቦት ወጥመድ የሚሆን ተጨማሪ መስክ አስገቡ፤ በስታይል ተሰውሮ፣ ሰው የማያየው፣ ሮቦት ግን የሚሞላው። የሞላው ይጣል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ መስኩ «ስልክ» ወይም «አድራሻ» ከተባለ የእንግዳው ብራውዘር በራሱ ይሞላዋል፤ እውነተኛው ቦታ ያዥ እንደ ሮቦት ይጣላል፣ እናንተም አታውቁም። ስለዚህ ትርጉም የሌለው ስም ስጡት፣ የራስ ሙላ ባሕርዩንም አጥፉ። ከገጹ መከፈት እስከ መላክ ከ3 ሴኮንድ ያነሰ ከፈጀ ሰው አይደለም። ከአንድ አይፒ (የኢንተርኔት መስመር ቁጥር) በሰዓት 5 መልእክት ይበቃል፤ ከዚያ አትቀንሱት፣ የሞባይል ደንበኞች አንድ አይፒ ሊጋሩ ይችላሉና። ቅጹ የሚልከው ኢሜይል ላይ «ላኪ» የሚለው የራሳችሁ ዶሜይን ይሁን፣ የእንግዳው አድራሻ «መልስ ለ» በሚለው ውስጥ ይግባ። የእንግዳውን በላኪ ቦታ ካስገባችሁ የላኪን እውነተኛነት የሚያጣራው የዲማርክ ፍተሻ ስለሚወድቅ መልእክቱ ራሱ ወደ ስፓም ይገባል።

ጽሑፉ ፈጽሞ ያላነሣው፣ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚያሳስበን፣ ዲኤንኤሱ ውስጥ የሚረሱት አድራሻዎች ናቸው። እያንዳንዱ ዶሜይን ኤስኦኤ የሚባል መስመር አለው፤ በውስጡም የኃላፊው ኢሜይል ይጻፋል። በዚያ መስመር @ አይጻፍም፣ በምትኩ ነጥብ ይገባል፤ «ስም@ጂሜይል.ኮም» የነበረው «ስም.ጂሜይል.ኮም» ሆኖ ይታያል። ኢሜይል ስለማይመስል ማንም ልብ አይለውም። አንዳንድ የሆስቲንግ ፓነሎች አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይል በራሳቸው እዚያ ያስገቡታል፤ መዝገቡን ከፍላችሁ ሸፍናችሁ ሳለ አድራሻችሁ በዚህ በር ወጥቶ ይሄዳል። የዲኤንኤስ መስመሮች የሚስተካከሉበትን ገጽ (የዞን ማስተካከያውን) ክፈቱ፣ የግል አድራሻ ካለ «ሆስትማስተር» በሚል በዶሜይናችሁ ስም ቀይሩት። ሁለተኛው የዲማርክ መስመር ነው፤ ሪፖርት የሚላክበት አድራሻ በይፋ ይነበባል። እዚያ የግል ጂሜይል መጻፍ ድርብ ኪሳራ ነው፦ አድራሻው ይታያል፣ ሪፖርቱም ላይመጣ ይችላል፤ በሌላ ዶሜይን ያለ ተቀባይ በዚያ ዶሜይን ዲኤንኤስ ላይ ፈቃድ ያስፈልገዋልና። ዎርድፕረስ የምትጠቀሙ ደግሞ የጸሐፊዎችን ስም ሬስት ኤፒአይ በሚባለው፣ ለፕሮግራሞች በተከፈተው በር በኩል ለማንም እንደሚሰጥ እወቁ፤ የመግቢያ ስማችሁ የኢሜይላችሁ ግማሽ ከሆነ ቀሪውን መገመት ቀላል ነው። የጀልባ ነጂዎችን ተራ ከነስልካቸው በፒዲኤፍ ገጹ ላይ የምትሰቅሉ ማኅበራት ካላችሁም ዛሬውኑ አውርዱት፤ ሰዎቹ ስልካቸውን ለእናንተ እንጂ ለዓለም አልሰጡም።

ስለ ዶት ኢቲ አጭር ነው። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ከላይ ያልናቸው የአይካን ደንቦች ለአገር ዶሜይኖች አይሠሩም። ስለዚህ 15 ቀኑንም፣ 45 ቀኑንም፣ ሽፋኑንም በዶት ኢቲ ላይ እንዳለ አትውሰዱ፤ ስትመዘግቡ ውሉን ጠይቁ። ከገጽ ላይ፣ ከኤስኦኤና ከግምት የሚመጣው ስፓም ግን የዶሜይኑን መጨረሻ አይመርጥም። ሕግን በተመለከተ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስፓምን የሚመለከት አንቀጽ አለው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ላኪው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን ቶሎ የሚደርስላችሁ የራሳችሁ ጥንቃቄ ነው።

አድራሻው አስቀድሞ የፈሰሰበት ሰው ቅደም ተከተሉን አይሳት። በመጀመሪያ አዲሱን ሣጥን ክፈቱና ከሌላ ኢሜይል ልካችሁ መድረሱን አረጋግጡ። ዶሜይኑን ወደ ሌላ መዝጋቢ የማዛወር አሳብ ካላችሁ ዝውውሩን አስቀድሙ፤ የባለቤቱ ስም ወይም ኢሜይል ሲቀየር 60 ቀን ዝውውር ሊከለከል ይችላልና። ከዚያ መዝጋቢው ጋ ገብታችሁ ቀይሩ። ማረጋገጫው ወደ አሮጌውም ወደ አዲሱም ሊላክ ስለሚችል፣ ሁለቱንም ከፍታችሁ ተጫኑት። አሮጌውን ሣጥን ቢያንስ አንድ የእድሳት ዙር እስኪያልፍ አትዝጉ፤ የመዝጋቢውን መልእክት ብቻ የሚያስተላልፍ ማጣሪያ አድርጉበት፣ የቀረው ስፓም እዚያው ይቅር።